የጋሼ ስድስት ደቂቃ

ለገሃር አካባቢ አንድ ቁርስ ቤት ካሸር ነኝ። ሒሳብ የምቀበልበት ቦታ ከኩሽናው በር አጠገብ ስለሆነ፣ በሩ ደግሞ ስለማይዘጋ፣ የኩሽናውን ጭቅጭቅ ሁሉ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። የዛሬው ስለ እንቁላል ቅቅል ነው። «ቅቅል ደግሞ ምን ወሬ አለው፣ ውሃ ጥዶ መጠበቅ ነው እንጂ» የምትሉ ካላችሁ፣ ሼፋችንም እንደዚያው ይል ነበር።

ጋሼ የምንላቸው ደንበኛ አሉን። የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ በሥራ ምክንያት ጅቡቲ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ጠዋት ማኪያቷቸውን ጠጥተው፣ ጋዜጣ አገላብጠው ይሄዳሉ። ቁርስ እኛ ጋ በልተው አያውቁም። አንድ ማክሰኞ ግን ባለቤታቸው ክፍለ ሀገር ዘመድ ጥየቃ ሄደው ኖሮ ቁርስም አዘዙ። ሁለት እንቁላል ቅቅል፣ ነጩ የረጋ፣ አስኳሉ የሚፈስ።

«ስድስት ደቂቃ በይልኝ የኔ ልጅ» አሏት አስተናጋጇን። «ከስድስት እንዳያልፍ!»

ሼፉ ወጣት ነው። እጁ ይጣፍጣል፣ ፍርፍር ላይ የሚደርስበት የለም። ውሃው እስኪንተከተክ ጠብቆ እንቁላሎቹን በጭልፋ ቀስ አድርጎ አስገባ፣ ስልኩን ስድስት ደቂቃ ሞላው፣ ሲጮህ አወጣና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ ላከ። ያየሁትን ነው የምናገረው፣ ምንም አላጎደለም።

ጋሼ አናቱን በማንኪያ ኳ ኳ አድርገው ከፈቱት። ይቅርታ ይደረግልኝና እንደ ንፍጥ ነው። ቅርፊቱን የተጠጋው ነጥቷል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ነጩ ራሱ ይንሸራተታል።

«ይሄ እኮ ሞቀ እንጂ አልተቀቀለም» ብለው መለሱት።

እትዬ መጡ። የቁርስ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ደንበኛ ሳህን ሲመልስ ከየትም ይሁን ይሰማቸዋል። መጀመሪያ የጠረጠሩት ጋዙን ነው፤ ሲሊንደሩን ነቅነቅ አደረጉት፣ ሙሉ ነው። «እንግዲያው እሳቱን ልቀቀው፣ ምን ትቆጥባለህ!» ሼፉ ለቀቀው። ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ምድጃውን አጠበው። እንደገና ስድስት ደቂቃ፣ እንደገና ያው። አሁን ደግሞ ጥፋቱ ወደ እንቁላል አቅራቢው ዞረ፤ «አሮጌ እያመጣ ነው እኮ!» ሼፉ ሳይመልስላቸው ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ቀድቶ አንድ እንቁላል ጨመረበት። ታች ገብቶ በጎኑ ተኛ። ቢቆይ ኖሮ ቆሞ ነበር የሚታየው፣ በጣም ቢያረጅ ደግሞ ይንሳፈፍ ነበር። እንቁላሉ ትኩስ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም የእትዬ «እሳቱን ልቀቀው» የብዙ ቤት ነገር ነው። አንዴ የፈላ ውሃ እሳት ቢጨመርበት ይበልጥ አይሞቅም፤ የተጨመረው እሳት ውሃውን ቶሎ እንፋሎት አድርጎ ያስወጣዋል እንጂ እንቁላሉን ቶሎ አያበስለውም፣ ጋዝ ብቻ ነው የሚበላው። ክዳን ብትከድኑበትም ውሃው ቶሎ ይፈላላችሁ ይሆናል እንጂ ከፈላ በኋላ ያው ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ቶሎ ይፈላል ማለት ግን ሳይሞቅ ይፈላል ማለት ነው፤ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚንተከተከው። ትምህርት ቤት የተማርነው 100 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ለፉል ባቄላ የምንጥደው ማታ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ትዕግሥታቸው አልቆ ተነስተው ኩሽናው በር ላይ ቆሙ። ሼፉ ይሄን ጊዜ የገባው ነገር ነበር መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ስድስት ደቂቃውን የት ነው የለመዱት?» አላቸው።

«ጅቡቲ ነዋ!»

«ጅቡቲ ባሕር ዳር አይደል? ውሃው እዚያ 100 ነው የሚፈላው። የእኛ 92 ነው። የስድስት ደቂቃው ሥራ እዚህ ወደ ስምንት ይሄዳል።»

ጋሼ አሰቡበት። ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትሩን ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ሲመጣ ሽቅብ መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ 96 ዲግሪ ቢፈላ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የእንቁላል ሰዓት ሊኖረው ነው። በነገሩ የተስማሙ መስለው ነበር፣ ግን አልለቀቁትም።

«ታዲያ ቤቴስ? ቤቴ አዲስ አበባ አይደለም? ባለቤቴ በስድስት ደቂቃ ነው የምታወጣልኝ፣ ያውም ልክ እኔ እንደምፈልገው!»

ሼፉ ዝም አለ። እኔም ሒሳብ መቀበል ትቼ መጠበቅ ጀመርኩ። ተሸነፈ ስል እትዬ ጣልቃ ገቡ፤ «ጋሼ፣ ባለቤትዎ ምን ዓይነት እንቁላል ነው የሚገዙት?»

«የሐበሻ ነዋ! የፈረንጅ እንቁላል ቤቴ ገብቶ አያውቅም።»

ሁላችንም ትሪው ላይ ወደተደረደረው እንቁላል ዞርን። እኛ የምንሠራው በፈረንጅ ነው። አንዱ ወደ 60 ግራም ይመዝናል። የሐበሻ ዶሮ የምትጥለው 40 ግራም አካባቢ ነው። ሙቀቱ ከቅርፊቱ ተነስቶ አስኳሉ እስኪደርስ የሚሄደው መንገድ በትንሹ እንቁላል አጭር ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ይበስላል። ጅቡቲ ላይ ትልቅ እንቁላል በሚያቃጥል ውሃ፣ ቤታቸው ትንሽ እንቁላል ለዘብ ባለ ውሃ፤ ሁለቱም ስድስት ደቂቃ ሆኖ ገጠመ። እኛ ጋ ትልቁ እንቁላል ለዘብ ካለው ውሃ ጋር ሲገናኝ ነው ነገሩ የፈረሰው። ጋሼም እውነታቸውን ነው፣ ሼፉም እውነቱን ነው። ሦስተኛው ሙከራ ስምንት ደቂቃ ሆነ፤ ነጩ ረግቶ አስኳሉ እንደ ማር ሆኖ ወጣ። ጋሼ ሁለቱንም በልተው ዳቦ አስጨመሩ። የተመለሱትን ሒሳብ ውስጥ አላስገባንም፣ እትዬን እንዴት እንደቆጫቸው ግን ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ቤታችሁ ለመሞከር ከፈለጋችሁ፣ የፈረንጅ እንቁላል ከመደርደሪያ ወጥቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ በስምንት ደቂቃ የሚፈስ አስኳል ይሰጣችኋል፣ በአስር ለስላሳ ግን የማይፈስ፣ በአሥራ ሁለት በአሥራ ሦስት ድርቅ ያለ። የሐበሻውን ከዚህ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ቀንሱለት። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ከሆነ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። እንጦጦ አናት የምትኖሩ ደግሞ 3,000 ሜትር አልፋችኋልና ሌላም ጨምሩ። ብዙ እንቁላል በትንሽ ድስት አትጠቅጥቁ፤ ውሃው በርዶ እንደገና እስኪፈላ ቆጠራችሁ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ጨው ብጨምር ቶሎ ይበስላል የሚሉም አሉ፤ ለድስት የሚጨመር አንድ ማንኪያ ጨው የሙቀቱን ነገር ይህን ያህል አይለውጠውም። ሲፈነዳ የሚወጣው ነጭ ቶሎ እንዲረጋ ያግዝ ይሆናል፣ እሱን አልቃወምም።

ደግሞ ፈርታችሁ ሃያ ደቂቃ እንዳትቀቅሉት። አስኳሉ ዙሪያ የሚመጣው አረንጓዴ ቀለበት መርዝ አይደለም፤ የነጩ ሰልፈር ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፣ መብዛቱን ነው የሚናገረው። ሽታውም ይመጣል። በተለይ የዶሮ ወጥ እንቁላል መጨረሻ ላይ ትኩስ ወጥ ውስጥ ስለሚገባ ቅቀላው ላይ ባይከር ይመረጣል። በሌላ በኩል ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ሰው ቤት ካለ የሚፈሰውን አስኳል ተዉትና ሙሉ ለሙሉ ይብሰል፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በቀልድ አይታይም።

የመላጡ ነገር ሌላ ጣጣ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ እኛ ቤት እንቁላል አይነካም። ሐሙስ ጠዋት የምንቀቅለው ማክሰኞ የተረፈውን ነው፣ እና የሐሙስ እንቁላል ሁሌ በአንድ ጊዜ ሽልቅቅ ይላል። አዲስ የተጣለ እንቁላል ነጩ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣው። ሲቆይ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ የነጩ አሲድነት ይቀንሳል፣ ያኔ ይላቀቃል። ከቀዝቃዛ ውሃ ይልቅ ከፈላ ውሃ መጀመርም ለመላጡ ያግዛል።

ለዚህ ነው የፋሲካ ሰሞን የሚያስለቅሰው። እንቁላል እየተሻማ ስለሚሸጥ ትሪው ትኩስ ነው የሚደርሰን፣ ስንልጠው ግማሹ ነጭ ከቅርፊቱ ጋር ይሄዳል። ዶሮ ወጥ ላይ ደግሞ የተቦጫጨቀ እንቁላል ማቅረብ ለእትዬ ሞት ነው። አሁን ለበዓል የሚሆነውን ከሳምንት በፊት ገዝተው ጓዳ ይቆልፉበታል። ቁልፉን ለሼፉም አይሰጡትም።