«200 አምፒር» የተባለው ባትሪ፦ ጉዞ ላይ ሆኜ አቤቱታውን እንዴት እንዳስኬድኩት

መኝታና ማብሰያ የተገጠመለት ሃይሩፍ ይዞ አገር የሚያቋርጥ ሰው ከሱቅ ጋር ሲጣላ፣ ተመላልሶ የሚጨቃጨቅበት ጊዜ የለውም። ማስታወቂያው ደግሞ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ሻጩ ሲፈልግ ያጠፋዋል። አዳማ ላይ «200 አምፒር ጄል፣ ከዋስትና ጋር» ተብሎ የተሸጠልኝ የሶላር ባትሪ ሐዋሳ ላይ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ማሳደር ሲያቅተው፣ ለሻጩ ከመደወሌ በፊት ማስረጃዬን ሰብስቤ ጨረስኩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ሻጩን ማንቂያ ብቻ ይሆናል።

ስክሪንሾት ብቻውን ደካማ ነው፤ «አቀናብረኸው ነው» ይባላል። ቻናሉን ከመክፈት ጀምሮ የቻናሉ ስም፣ የሱቁ ስልክ፣ ጽሑፉና ቀኑ ተከታትለው እንዲታዩ የስልኩን ስክሪን በቪዲዮ ቀዳሁ። ጽሑፉን ወደ ራሴ «ሴቭድ ሜሴጅ» ፎርዋርድ አደረግኩት፤ ዋናው ቢስተካከል ወይም ቢጠፋ እንኳ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አይለወጥም። ሻጩ በግል መልእክት «ኦርጅናል ነው፣ ሙሉ 200 ነው» ብሎ የመለሰውንም አብሬ ያዝኩ።

ደረሰኝ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል። «ያለ ቫት ልስጥህ» ሲሉ 15 በመቶው ያጓጓል፤ ግን ያ ደረሰኝ ከሌለ ከማን እንደተገዛ ማስረዳት ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ደግሞ ሙቀት ያጠፋዋል። ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ደረሰኝ በአዳማ ፀሐይ ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ በተገዛበት ቀን ፎቶ አንስቶ ፎቶኮፒ ማድረግ ነው። አቤቱታ ላይ የሚጻፈው ስም ከበሩ በላይ ያለው ታፔላ ሳይሆን ደረሰኙ ላይ ከቲን ቁጥሩ ጋር የታተመው ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ወደ ግለሰብ ሂሳብ ከሄደ፣ «ወደዚህ ሂሳብ አስገባ» ያለበትን መልእክት ከማስተላለፊያው ቁጥር ጋር አያይዙ።

ዋናው ሥራ ልኬቱ ነው። «ቶሎ ያልቃል» የሚል አቤቱታ ቢሮ ውስጥ ክብደት የለውም፤ ቁጥር ግን አለው። ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጌ፣ ሶላሩንና የመኪናውን ዲናሞ ነቅዬ ለጥቂት ሰዓታት አሳረፍኩት። ከዚያ ሁለት ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖሎችን በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰርኩ። ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 9 አምፒር ይስባሉ፤ ትክክለኛውን ሽቦውን አቅፎ አምፒር በሚያነብ ክላምፕ ሜትር አነበብኩ። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ኢንቨርተር በኩል መለካት ዋጋ የለውም፤ ኢንቨርተሩ ራሱ ስለሚበላ ሻጩ ጉድለቱን እዚያ ላይ ይለጥፋል። አምፖሎቹ በጣም ስለሚግሉ ከፍራሽና ከፕላስቲክ ርቀው ብረት ላይ ይቀመጡ።

በየሰዓቱ ቮልቱን የሚያሳየውን ቴስተርና የስልክ ሰዓትን በአንድ ፎቶ ማንሳት ነው። ቮልቱ አምፖሎቹ እየበሩ 10.5 ሲደርስ ወዲያው ይቁም፤ ከዚያ በታች መውረድ ባትሪውን ይጎዳል፣ ለሻጩም «አንተ ገደልከው» የሚልበትን በር ይከፍታል። በባትሪ ላይ «200 አምፒር» ሲባል አምፒር ሰዓት ማለት ነው፤ የሚሳበው አምፒር በቆየበት ሰዓት ሲባዛ። እውነተኛ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ 9 አምፒር እየተሳበ ከ20 ሰዓት በላይ መቆየት አለበት። በ10 ሰዓት ውስጥ ካለቀ፣ 9 በ10 ሲባዛ 90 አምፒር ሰዓት ብቻ ነው። አዲስ ባትሪ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ትንሽ ሊያንስ ስለሚችል፣ ለ10 በመቶ ጉድለት ቢሮ መመላለስ አይመከርም። ግማሽ ሲጎድል ግን ሌላ ነገር ነው።

ሚዛንም ይናገራል። እንደ ጄል ያለ ባለ 12 ቮልት የሊድ (የእርሳስ) ባትሪ ለ200 አምፒር ሰዓት ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አምፒሩ የሚመጣው ከውስጡ እርሳስ ስለሆነ በቀለም አይተካም። የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። የኔው ላይ ከተለጣፊው ጥግ ሥር ሌላ ተለጣፊ ይታይ ነበር። አልላጥኩትም፤ በባለሙያ ፊት ሲላጥ ነው ማስረጃ የሚሆነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የዕቃን ዓይነት፣ መጠንና ዋስትና በተመለከተ የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ጉድለት ያገኘ ሸማችም በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ማስታወቂያን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አለ። ቀኑ ስለሚሮጥ ከሐዋሳ ፖስታ ቤት ለሻጩ ማስጠንቀቂያውን በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ደብዳቤ) ላክሁ፤ አንድ ገጽ፣ ማስታወቂያው ያለው፣ ልኬቱ ያሳየው፣ የምጠይቀው ብር። ስድብም ዛቻም የለበትም። የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ቀኑን ይመሰክራል።

አቤቱታው የሚቀርበው ሻጩ ባለበት ከተማ ስለሆነ ወደ አዳማ ተመለስኩ። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ አስጽፌ የአማርኛውን አያይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። ቅጂዬ ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ሳላስመታ አልወጣሁም። ዓርብ ጠዋት ቢሮ ቀድሞ ስለሚዘጋ መንገደኛ ቀጠሮውን በሌላ ቀን ቢያስይዝ ይሻለዋል። መቆየት የማይችል ደግሞ አዳማ ለሚኖር ሰው በሰነድ ማረጋገጫ ውክልና ይስጥ፤ «ገንዘብ እንዲቀበልልኝ» እና «እንዲስማማልኝ» የሚሉት በግልጽ ካልተጻፉ ወኪሉ መጨረሻው ላይ ይቆማል።

ሻጩ ሲጠራ «200 የሞዴሉ ቁጥር ነው እንጂ አምፒሩ አይደለም» አለ። ባትሪው ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቢሆን ኖሮ ያዋጣው ነበር፤ ማስታወቂያው ግን «200 አምፒር»፣ የግል መልእክቱም «ሙሉ 200 ነው» ይላል። ቀጥሎ ቻርጁን ወቀሰ፤ የሶላር መቆጣጠሪያው 14.4 ቮልት ላይ እንደተስተካከለ የሚያሳየው ፎቶ መለሰለት። የባትሪው ዋጋ እንዲመለስ ተስማማን፤ የመመላለሻው ወጪ ላይ ግን አልተስማማንም፣ ለእሱ ፍርድ ቤት መሄድ አያዋጣም ብዬ ተውኩት። ባትሪውን የሰጠሁት ገንዘቡ ሂሳቤ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ በርክክብ ወረቀቱ ላይ የባትሪው መለያ ቁጥር ተጽፎ ሁለታችንም ፈርመን።