ፍሎራይድ ያለበትን የጉድጓድ ውሃ በአሉሚኒየም ላሜራና በባትሪ ማጣራት

ሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርደው ቆላማ ወገን ላይ የጉድጓድ ውሃ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዝ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሎራይድ ነው። ከዐለቱ እየሟሟ የሚገባ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ማፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ላይ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የሠራሁበት ውሃ 4 ገደማ ስለነበረው የምሰጣችሁ ልክ ለእንዲህ ዓይነቱ ውሃ 100 ሊትር ነው።

ከረንት ሲያልፍበት አሉሚኒየሙ እየሟሟ ነጭ ደለል ይሆናል፤ ፍሎራይዱም ደለሉ ላይ ተጣብቆ ይወጣል። ሸብና ኖራ ከሚጨመርበት ዘዴ የሚሻለው ውሃው ውስጥ ሰልፌት ስለማይተው ነው።

20 በ25 ሴንቲሜትር የሆኑ፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 5 አዳዲስ ላሜራዎች ያስፈልጋሉ። ቀልጦ ከተሠራ ድስት የተቆረጠ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በፕላስቲክ ማራራቂያ 1 ሴንቲሜትር አራርቃችሁ፣ አንዱን ለፖዘቲቭ ቀጣዩን ለኔጋቲቭ እያደረጋችሁ እሰሩ። የሽቦው መገጣጠሚያ ከውሃው በላይ ይቅር፤ መዳብ ከገባ እሱም ይሟሟል።

ዋናው ቁም ነገር መጠኑን በሰዓት ወይም በውሃው መደፍረስ አለመገመት ነው። የሚለካው በአምፔር ሰዓት ነው። 1 አምፔር ለ1 ሰዓት ሲያልፍ 0.34 ግራም ያህል አሉሚኒየም ይሟሟል። ለ100 ሊትራችን ከ4 እስከ 5 ግራም ስለሚያስፈልግ 10 አምፔር ለ80 ደቂቃ ይበቃል። 12 ቮልት ባትሪ ላይ በቀጥታ ሲያያዝ ከረንቱ ከ10 ካለፈ ላሜራዎቹን ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ የጠለቀው ክፍል ሲቀንስ አምፔሩም ይወርዳል። ካልደረሰ 20 ግራም የገበታ ጨው ጨምሩ። የተራ ቴስተር የ10 አምፔር ቀዳዳ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ቋሚ አምፔር ሜትር ግጠሙበት።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን በፒኤች፣ ማለትም በውሃው የአሲድነት ልክ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙ ጊዜ ቢካርቦኔት የበዛበትና ከ8 በላይ ነው፤ እዚያ ላይ አሉሚኒየሙ ደለል መሆኑን ትቶ ሟሙቶ ይቀራል። የሚፈለገው ከ6.5 እስከ 7 ነው። ንጹሕ የላቦራቶሪ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ (32 በመቶ) ከ15 ሚሊ ሊትር ጀምራችሁ በፒኤች ወረቀት እየለካችሁ ጨምሩ፤ ጓንት አድርጉ፣ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ አይሆንም። ሎሚ ደግሞ ምንም ያህል ቅርብ ቢሆን አታስገቡ፤ ሲትሪክ አሲዱ አሉሚኒየሙን ይዞ እንዳይዘቅጥ ያደርገዋል።

ሥራው ሲጀምር ከላሜራዎቹ መሃል ነጭ አረፋ ይነሣል። ያ ሃይድሮጅን ነው፤ ከ100 ሊትሩ በርሜል 6 ሊትር ያህል ይወጣል። ስለዚህ ደጅ ላይ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቃችሁ ሥሩ። በየ20 ደቂቃው ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አለዋውጡ፤ አለበለዚያ ላሜራው ላይ የሚሠራው ሽፋን ከረንቱን ያንቀዋል። በእንጨት ዘንግ ቀስ ብላችሁ አማስሉ።

ሌሊቱን ይደር። ደለሉ ከላይም ከታችም ስለሚሰበሰብ ውሃውን ከበርሜሉ ወለል 15 ሴንቲሜትር ከፍ ባለ ቧንቧ ቅዱ፤ ከላይ ያለውን አረፋ ግን አስቀድማችሁ ግፈፉ። ቀጥሎ በታጠበ ደቃቅ አሸዋ አሳልፉት። ደለሉን ፍሎራይድ ስለያዘ ጉድጓዱ አጠገብ ወይም ጓሮ ላይ አትድፉ።

ለምርመራ የሚላከው ናሙና የተጣራ ይሁን፤ የቀረ አሉሚኒየም በቀለም የሚለካውን የፍሎራይድ ምርመራ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። አሉሚኒየሙንም አስለኩ፣ በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ይህ ዘዴ ጀርም ስለማይገድል ከአሸዋው በኋላ ክሎሪን ጨምሩ። ላሜራዎቹ ሚዛናቸው ሲጋመስ ይቀየሩ፤ ኔጋቲቩም ጭምር ስለሚበላ ከስሌቱ ቀድመው ይሳሳሉ።