ከፎርማቱ በፊት ንባቡ
ሰሞኑን ማታ ማታ ሲዲዎቼን ሪፕ እያደረግኩ ነው፣ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ፋይል እየገለበጥኩ ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ሲወራ ሁሌም ክርክሩ ከድምፅ ፋይል ፎርማቶች ኤምፒስሪ ይሻላል ወይስ ፍላክ የሚለው ነው፣ እኔን ግን እየቆየ ሲሄድ የሚያሳስበኝ ከዛ በፊት ያለው ነገር ሆኗል፣ ድራይቩ (የኮምፒውተሩ ሲዲ ማንበቢያ) ከዲስኩ ላይ ያነበበው ትክክል ነው ወይ የሚለው። አበላሽቶ ካነበበው በፍላክም አስቀመጥከው በሌላ ያው የተበላሸውን ነው የምታስቀምጠው።

ስለ ፎርማቱ ብዙም አልጨነቅም። ሲዲ ላይ ያለው ድምፅ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ ነው፣ በሰከንድ ወደ 1411 ኪሎቢት ማለት ነው። ዋቭ ይሄንን እንዳለ ይይዘዋል ግን ቦታ ይበላል፣ ታግ (ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው የዘፋኝና የዘፈን ስም) ላይም አያስተማምንም፣ አንዱ ፕሌየር የዘፋኙን ስም ሲያሳይ ሌላው ዝም ይላል። ፍላክ ያንኑ ድምፅ አንድ ቢት ሳይጥል ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል፣ ታጉ ዩኒኮድ ስለሆነ ርዕሱን በግዕዝ ፊደል ብጽፈውም ችግር የለውም። ደግሞ ከ0 እስከ 8 ያለውን ሌቭል ብዙ ሰው የጥራት ደረጃ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ፋይሉን ለማሳነስ ምን ያህል ይልፋ የሚለው ነው እንጂ ድምፁ በሁሉም አንድ ነው፣ እኔ 5 ላይ እንዳለ ትቼዋለሁ። የአፕል እቃ ብቻ የሚጠቀም ሰው አላክ የሚባለውን የአፕል ፎርማት ቢመርጥ አልከራከረውም፣ ሁለቱም ሎስለስ (ከድምፁ ምንም የማይጥሉ) ስለሆኑ በፈለገ ጊዜ ወደ ፍላክ መቀየር ይችላል። ኤምፒስሪ ግን አንዴ የጣለውን አይመልስም፣ ከሱ ደግሞ ወደ ሌላ ሎሲ (እንደሱ ከድምፁ የሚጥል) ፎርማት ከቀየርከው ይብስበታል።

ሶፍትዌሩ ላይ ነው ጊዜ የሚያስፈልገው። ዊንዶውስ ላይ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ፣ ማክ ላይ ኤክስኤልዲ፣ ሊኑክስ ላይ ዊፐር አሉ። ሶስቱም ያነበቡትን በአኩሬትሪፕ (የብዙ ሰው ሪፕ ውጤት የተሰበሰበበት የኢንተርኔት ዳታቤዝ) በኩል ሌሎች ሰዎች ከዛው ሲዲ ካወጡት ጋር በቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ ቁጥር) ያመሳክራሉ፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ የማላውቀው ሰው በሌላ ድራይቭ ያነበበው ከኔ ጋር ከገጠመ ጆሮዬን ማመን አይጠበቅብኝም። መጀመሪያ ግን የድራይቩ ኦፍሴት መስተካከል አለበት፣ አብዛኛው ድራይቭ ንባቡን የሚጀምረው ትንሽ ሳምፕል (በጣም አጭር የድምፅ ቁራጭ) ወደፊት ወይ ወደኋላ እየሳተ ስለሆነ።

ትናንት ማታ አንዱ የተጫረ ዲስክ መጨረሻው ትራክ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ወረደ፣ ቀያዮቹ ምልክቶች ተራ በተራ መብራት ጀመሩ፣ ድራይቩ አንዷን ቦታ ደጋግሞ ሲያነብ ድምፁ ይሰማል። አውጥቼ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ጠረግኩት (ዙሪያውን መጥረግ አይመከርም፣ በትራኩ አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት ለድራይቩ ይከብደዋል)፣ ከዛ ሌላ ድራይቭ ውስጥ ከተትኩት፣ ትራኩም ከሌሎቹ ሰዎች ጋር ገጠመ። በጣም ነው ደስ ያለኝ! ፈጣን ሞድ (ደጋግሞ ሳያነብ የሚያልፈው) ላይ ቢሆን ኖሮ እዛች ቦታ ላይ ቋ የምትል ድምፅ ገብታ ሲያነብ ምንም ሳይነግረኝ ሊያልፍ ይችል ነበር።

አኩሬትሪፕ ዳታቤዙ ውስጥ የሌሉ ሲዲዎችም አሉኝ፣ እነሱን ሁለቴ ሪፕ አደርግና ሲአርሲው (እሱም የቼክሰም ዓይነት ነው) አንድ መሆኑን አያለሁ፣ ከተቻለ በሁለት የተለያየ ድራይቭ። ለስልክ የሚሆነውን ከፍላኩ ላይ በኦፐስ (ሌላ ሎሲ ፎርማት) በሰከንድ 128 ኪሎቢት አወጣለሁ፣ መንገድ ላይ ለማዳመጥ ይበቃኛል። ፍላኮቹ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሎግ ፋይሉም (ሶፍትዌሩ ንባቡ እንዴት እንደሄደ የሚመዘግብበት) አብሯቸው።