የጎማ ንፋስ ሴንሰር ስቀይር ያስቸገረችኝ ትንሿ ጎሚኒ

ዳሽቦርዱ ላይ የጎማ መብራት ሲበራብኝ ንፋስ ቀንሶ ነው ብዬ አራቱንም ሞላሁ፣ አልጠፋም። ከዛ ልብ ብዬ ሳየው ሞተር ሳስነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ይልና ከዛ በርቶ ይቀራል። ይሄ ለካ ልዩነት አለው፣ ዝም ብሎ ከበራ ንፋስ ጎድሏል ነው፣ መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ችግሩ ሲስተሙ ራሱ ጋ ነው። የኔ ሴንሰሮች (እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሆነው ንፋሱን እየለኩ ለመኪናው በሬዲዮ የሚልኩት) ከመኪናው ጋር የመጡ 9 ዓመት የሞላቸው ናቸው፣ ባትሪያቸው ደግሞ ውስጥ ታሽጋ ስለምትመጣ ለብቻዋ አትቀየርም፣ አንዱ ከሞተ ሌሎቹም ሩቅ አይደሉም ብዬ አራቱንም ለመቀየር ወሰንኩ።

ስትገዙ ፍሪኩዌንሲውን እዩ። 315 ሜጋኸርዝ አለ 433 ሜጋኸርዝ አለ፣ መልካቸው አንድ ነው ግን መኪናችሁ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሰራ መኪና ብዙ ጊዜ 315 ነው የአውሮፓው 433፣ ያው ሞዴል ሆኖ እንኳን ስለሚለያይ አሮጌው ላይ የተጻፈውን አይቶ መግዛት ነው። የእያንዳንዱን አዲስ ሴንሰር አይዲ ቁጥርም የትኛው ጎማ ላይ እንደሚገባ ጽፌ ፎቶ አነሳሁት፣ ከገባ በኋላ በዓይን አይነበብማ።

ጓደኛዬ ጋ የጎማ መፍቻ ማሽን ስላለ እዛ ሠራን። ጎማውን ከቸርኬ ስናላቅቅ የማሽኑን መጫኛ ከቫልቩ ራቅ አድርገን ነው የጀመርነው፣ ቫልቩ አጠገብ ከተጫነ ሴንሰሩን ይሰብረዋል። አንዱ አሮጌ ቫልቭ ውስጥ ያለችው መርፌ ጭራሽ አልፈታ አለች፣ ቫልቩ አልሙኒየም ሆኖ መርፌዋ ተራ ናስ ስለነበረች ተበላልተው ተጣብቀዋል። ለአልሙኒየም ቫልቭ ኒኬል የተቀባችውን ነው መጠቀም ያለባችሁ፣ የብረት ክዳንም እንደዛው ይነክሳል፣ ፕላስቲኩ ይበቃል።

ሦስቱ በሰላም ገቡ። አራተኛው ላይ ቸኮልኩ፣ ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ዝገት በደንብ ሳልጠርግ ገጠምኩትና ዳዶውን በእጄ ግምት ድርቅ አድርጌ አሰርኩት። በነጋታው ጠዋት ስለካው 33 ፒኤስአይ የሞላሁት 26 ሆኗል፣ የሳሙና ውሃ ሳፈስበት ከቫልቩ ስር አረፋ ይወጣል። እንደገና አላቀቅነው፣ ጎሚኒዋ (ቫልቩ ስር ንፋስ እንዳይወጣ የምትዘጋው የጎማ ቀለበት) ተጨፍልቃ ወደ አንድ ጎን ወጥታለች። በጣም ነው የቆጨኝ፣ ምክንያቱም የሴንሰሩ ወረቀት ላይ ዳዶው የሚታሰርበት ልክ 8 ኒውተን ሜትር የሚል ቁጥር ተጽፎ ነበር እኮ! የቸርኬ ብሎን ከ100 በላይ ስለሚታሰር እጃችን ያንን ለምዶ ነው መሰለኝ 8 ምንም አይመስለንም፣ ግን ያ ቀጭን አልሙኒየም ከዛ ካለፈ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የኔ ስላልተሰነጠቀ ተመስገን ነው። የናንተ ሴንሰር ቁጥሩ ሊለይ ስለሚችል ወረቀቱን አትጣሉ። ቀዳዳውን እስኪያበራ ጠርጌ አዲስ ጎሚኒ አድርጌ በትንሿ ቶርክ ኪያቤ (የሚታሰርበትን ልክ በምታሳየው መፍቻ) አሰርኩት፣ እስካሁን ጠብታ ንፋስ አላጣም። ንፋስ ተሞልቶ ካደረ በኋላ ዳዶውን ደግሞ ላጥብቀው አትበሉ፣ ጎሚኒዋን የሚያበላሸው እሱ ነው።

መኪናው አዲሶቹን እንዲያውቃቸው አይዲዎቹን በዲያግኖስቲክ መሳሪያ አስገባን (እየተነዳ በራሱ የሚለምድ መኪናም አለ)፣ ትንሽ እንደነዳሁ መብራቱ ጠፋ። ጎማ በተፈታ ቁጥር ጎሚኒውም መርፌውም መቀየር ስላለበት ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን አራት አራት ገዝቼ መኪናው ውስጥ በፌስታል አስቀምጫለሁ።