የቅዳሜው ዶሮ እስከ ማክሰኞ

ሰላም ናችሁ። እዚህ ባህር ዳር በብረት ዘንግ ተሰክቶ እየተሽከረከረ የሚጠበሰውን ዶሮ ገዝቼ እስከ መጨረሻዋ አጥንት መጠቀምን ስለማመድ ቆይቻለሁ። አሁን እጄ ገባ ማለት ይቻላል፤ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። እኔ የምገዛው ቅዳሜ ማታ ነው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ የቅዳሜው ዶሮ ማክሰኞ ማታ ማለቅ አለበት። ደስ የሚለው ደግሞ፣ የበሰለ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ በደህና የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። የጾሙና የፍሪጁ ልክ ገጠሙልኝ።

ስትገዙ ሙሉውን ውሰዱ፤ አታስቆርጡት። የተቆራረጠ ዶሮ ቤት እስኪደርስ ይደርቃል። እግሩን ወዝወዝ ሲያደርጉት ከመጋጠሚያው ላላ ካለና ከጭኑ የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ ካልሆነ በስሏል። መጠቅለያውንም አጥብቃችሁ አትዝጉት። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ያ የሚንኮሻኮሽ ቆዳ ይልፈሰፈሳል።

ቅዳሜ ማታ እግሩ፣ ክንፉና ቆዳው ይበላል። እነዚህ ሲያድሩ አያምርባቸውም። ሎሚ ጨመቅ፣ አዋዜ ቀረብ፣ በቃ። ዶሮ ወጥ ሌላ ነው፤ 12 ብልት ወጥቶለት፣ ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ በስሎ፣ በበዓል ቀን በክብሩ ይቀርባል። ይሄኛው የተራ ቅዳሜ እራት ነው፤ እኔም የምወደው ለዚሁ ነው።

ዋናው ሥራ ከእራት በኋላ ይመጣል፤ ዶሮው ሳይቀዘቅዝ ሥጋውን ከአጥንቱ መለየት። ለብ እንዳለ በእጅ ይላቀቃል። ከቀዘቀዘ ግን ቢላዋ ይፈልጋል፤ አጥንቱ ላይም ብዙ ይቀራል። ጀርባውን ገልብጡና ከጭኑ መጋጠሚያ አጠገብ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እዩ። ጎድጎድ ባለው አጥንት ላይ የተኛች ክብ ሥጋ በየጎኑ አለች። በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓት ሙሉዋን ተፈንቅላ ትወጣለች። ከዶሮው ሁሉ ለስላሳዋ እሷ ናት። እሷ ፍሪጅ አትገባም፤ እዚያው አጠገባችሁ ላለ ሰው ትጎረሳለች።

የቀረው ሥጋ ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ፣ ከተገዛ 2 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ። መብራት ቢጠፋ በሩን አትክፈቱት፤ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ እኔ ሥጋውን አልበላውም።

አጥንቱን እንዳትጥሉት! እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድስት ውስጥ አደርገውና የሚሸፍነውን ያህል ቀዝቃዛ ውሃ እጨምርበታለሁ። ለሁለት የተከፈለ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁራጭ ዝንጅብልና ጥቂት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ይገባበታል። ጨው አላደርግም፤ ዶሮው ሲጠበስ የተነሰነሰበት አለ፣ ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ ጨውነቱ ይጎላል። እሳቱ ዝግ ይበል፤ ከተንተከተከ መረቁ ይደፈርሳል። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይልባችኋል። ስለዚህ አጥንቱ ያለውን ሁሉ እስኪሰጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ 3 ሰዓት እተወዋለሁ። ተጠልሎ ፍሪጅ ሲያድር ይረጋል፤ በማንኪያ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። ከአጥንቱና ከመጋጠሚያው የወጣው ጄላቲን ነው እንዲያ የሚያደርገው። እንዲያ ሲረጋ ሳይ ደስታዬ ልክ የለውም።

የእሑድ ምሳ ቀላል ነው። ከወረታ በኩል የሚመጣው የፎገራ ሩዝ በካሮት ይሠራና ከሥጋው ጥቂቱ ይገባበታል።

የሰኞ ቁርስ ግን የዚህ ሁሉ ልፋት ዋጋ ነው፤ ድርቆሽ ፍርፍር በዶሮ መረቅ። ሽንኩርቱን ሳላቻኩል አቁላላለሁ፤ በርበሬውን ጨምሬ በመረቁ ጠብ ጠብ እያደረግሁ አበስለዋለሁ። ቅቤ በስሱ፣ ምክንያቱም መረቁ የራሱ ስብ አለው። ከዚያ መረቁ በዛ ብሎ ይገባና ሲፈላ ድርቆሹ ይጨመራል። ብዙ አታማስሉት፤ እየጠጣ ይርሳል፣ ግን እንዳይላቁጥ። ፍርምባው እዚህ ነው ቦታው። ብቻውን ሲበላ ደረቅ የሚለው ሥጋ በጣት ተበጣጥሶ መጨረሻ ላይ ሲገባና መረቁ ሲያገኘው ሌላ ሥጋ ይሆናል። በፊት ድርቆሹን በውሃ ነበር የማርሰው። አሁን ወደዚያ የምመለስ አይመስለኝም።

ማክሰኞ ማታ የተረፈው ሥጋና መረቅ ከእንጅባራ ድንች ጋር ሾርባ ይሆናል። ሁልጊዜም የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ፤ ሙቀቱም እስኪፈላ ይሁን። አሙቆ መልሶ ፍሪጅ ማስገባት፣ እንደገና ማሞቅ ጥሩ አይደለም።

ቀጥሎ ልሞክር ያሰብኩት የስንዴ ቅንጨ በዚሁ መረቅ ነው። ቅንጨው ፍሬ ፍሬውን እንደያዘ መረቁን እንዲጠጣ እፈልጋለሁ፤ ገንፎ እንዲሆን አይደለም። ሠርታችሁት የምታውቁ ካላችሁ ለአንድ ብርጭቆ ቅንጨ ስንት ብርጭቆ መረቅ እንደሚበቃ ጻፉልኝ። ቅቤው ቀድሞ ይግባ ወይስ ከወጣ በኋላ የሚለውንም ጨምሩልኝ።