«የይቅርታ ማመልከቻ አደረጋችሁት»

በአርታኢነት በምሠራበት መጽሔት ውስጥ ከሁሉም ገጾች ይልቅ ክርክር የሚያስነሳው፣ ሰዎች የደረሰባቸውን ነገር በራሳቸው ላይ እየቀለዱ የሚተርኩበት የመጨረሻው ገጽ ነው። የምጣኔ ሀብት ትንታኔ ቢያከራክረን ጉዳዩ የመረጃ ጉዳይ ስለሆነ ምንጩን ስናገላብጥ ይቋጫል፤ የዚህኛው ገጽ ክርክር ግን ያስቃል ወይስ አያስቅም የሚል በመሆኑ ዳኛ የለውም። ብዙ አንባቢዎች መጽሔቱን ከኋላ ወደ ፊት እንደሚያነብቡት ይነግሩናል። ዋና አዘጋጃችን ይህን ሲሰሙ ደስም ይላቸዋል፣ ቅርም ይላቸዋል።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለምን እንደሚወደድ ይበልጥ የተገለጠልኝ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሠራተኛ በላኩልን ጽሑፍ ሰበብ በተነሳ አለመግባባት ነው። ሰውየው በወጣትነታቸው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነው በተቀጠሩበት መሥሪያ ቤት የገጠማቸውን ነበር የጻፉት። ከሰዓት በኋላ በተካሄደ ረጅም ስብሰባ መካከል እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። የሚነቁት ሰብሳቢው «እንግዲህ ይህ በሙሉ ድምፅ ጸድቋልና በቃለ ጉባኤ ይያዝ» ሲሉ ነው። «ይህ» የተባለው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት ያጣሉ፤ ስለዚህም በተራ ቁጥር ሰባት ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ይህ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብለው ይጽፉና ያሰምሩበታል። በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ አንድ አባል እጃቸውን አውጥተው «ይህ የተባለው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ወጣቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ከመቀመጫው ተነስቶ «ከላይ የተጠቀሰው ነው» ይላል። ከላይ ያለው ተራ ቁጥር ስድስት ደግሞ ስብሰባው ለዕረፍት መቋረጡን የሚገልጽ ነበር። «ታዲያ በሙሉ ድምፅ ያጸደቅነው ዕረፍቱን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «እኔም በበኩሌ ደግፌው ነበር» ሲል ይመልሳል።

ጽሑፉ በቅድሚያ የደረሰው ገጹን በኃላፊነት ለያዘችው ወጣት ባልደረባዬ ነበር። በቋንቋ ችሎታዋ የማትታማ፣ በጠባይዋም ለሰው የምታዝን ልጅ ናት። ሰውየው በወሬ ወሬ የማታ ትምህርት ይከታተሉ እንደነበር በስልክ ስለነገሯት፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው ዘንድ ስትደርስ «ሌሊቱን በጥናት አሳልፌ ስለነበር» የሚል ሐረግ አስገባች። ለመጠየቅ ድፍረት ያጡበት ላይ «የሥራ ልምድ ስላልነበረኝ» አለችበት። «እኔም በበኩሌ ደግፌው ነበር» የሚለውን መልስ፣ ለሰብሳቢው አክብሮት የጎደላቸው እንዳያስመስል በማለት ሰረዘችው። በመጨረሻም ጽሑፉ ተንጠልጥሎ የቀረ ስለመሰላት «ከዚያን ቀን ወዲህ በሥራዬ ትጉህና ጠንቃቃ ለመሆን በቅቻለሁ» የሚል መዝጊያ ጨመረችለትና የማረሚያውን ቅጂ ላከችላቸው።

ሰውየው ቅጂውን በእጃቸው ይዘው ቢሯችን ድረስ መጡ። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ በጣም በጨዋ አንደበት ነበር የተናገሩት።

«ልጄ፣ ያስገባሽው ሁሉ እውነት ነው። የማታ ትምህርት እማር ነበር፤ ልምድም አልነበረኝም፤ ኋላም ትጉህ ሠራተኛ ወጥቶኛል። ነገር ግን እኔ የላክሁት የሚያስቅ ጽሑፍ ነበር፤ እናንተ የይቅርታ ማመልከቻ አደረጋችሁት።»

«ጋሼ፣ አንባቢ እንዳይንቅዎት ብዬ እኮ ነው» አለች።

«ይናቀው እንጂ! ያንን ልጅ እኔ ራሴ ንቄው የለም እንዴ?»

«እንዳይንቅዎት» ስትላቸው «ይናቀው» ብለው መመለሳቸውን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ ሳቅ የሚመነጨው የራሳችንን ብልጫ በድንገት ከማየት ነው ሲል፣ ብልጫው የሚለካው ከሌሎች ድካም ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሳችን የቀድሞ ድካም ጋርም እንደሆነ አክሎ ጽፏል። ብዙዎች የሚጠቅሱት ንባቡን በሌላው ሰው ላይ ከመሳቅ ጋር አያይዘው ነው፤ በእኔ ግምት ግን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያስረዳው የኋለኛው ክፍል ነው። ራሱን የሚያዋዛ ተራኪ ሁለት ሰው ነው። አንደኛው ስብሰባ ላይ የሚያንጎላጅጀው ወጣት ሲሆን፣ ሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ ተቀምጦ ያንን ወጣት ከነአሰማመሩ እያየ የሚጽፈው አዋቂ ነው። አንባቢው የሚቀመጠው ከአዋቂው ጎን ስለሆነ አብሮት ይስቃል እንጂ አይስቅበትም። ባልደረባዬ ያስገባቻቸው ምክንያቶች ያደረጉት ነገር ቢኖር ይህን መቀመጫ መንሣት ነው፤ አዋቂው ለወጣቱ ጠበቃ ሆኖ ሲቆም አንባቢ ደግሞ ሳይወድ በግድ ዳኛ ይሆናል፤ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም እያለ ይመዝናል እንጂ አይስቅም።

ዋና አዘጋጃችን በነገሩ ላይ ብዙ ከመናገር ይልቅ ሁለቱንም ቅጂዎች በኤዲቶሪያል ስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አነበቡልን። የታረመው ሲነበብ ሁሉም በአዘኔታ አንገቱን ነቀነቀ፤ እንዲያውም አንዱ የማታ ትምህርት ከሥራ ጋር እንዴት እንደሚያደክም ከራሱ ሕይወት መመስከር ጀምሮ ነበር። ዋናው ሲነበብ ግን ተራ ቁጥር ስድስት ላይ ሲደርሱ ዋና አዘጋጁ ራሳቸው ንባቡን መቀጠል አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ለክርክር የሚተርፍ ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር፤ ምክትላቸው ግን ሌላ ጥያቄ አነሱ።

የምክትል አዘጋጁ ሥጋት ሰውየው አይታወቁም የሚል ነበር። ታላቅ ሰው ሲሳሳት ይወደዳል፣ ተራ ሰው ሲሳሳት ግን ያው ተሳሳተ ነው የሚባለው አሉ። ለዚህም የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመውን ጥናት በማስረጃነት ጠቀሱ። በጥናቱ ተማሪዎች በጥያቄና መልስ ውድድር ለመሳተፍ የሚፈተን ሰው ድምፅ ከቴፕ እንዲሰሙ ተደረገ፤ በአንዱ ቅጂ ተፈታኙ ከጥያቄዎቹ 92 በመቶውን በትክክል ሲመልስ በሌላው የሚመልሰው 30 በመቶውን ብቻ ነበር። በአንዳንዶቹ ቅጂዎች ላይ ተፈታኙ በመጨረሻ ቡና በልብሱ ላይ ሲደፋ ይሰማል። ጎበዙ ተፈታኝ ቡናውን ሲደፋ ከቀድሞው ይልቅ ተወደደ፤ ሰነፉ ሲደፋ ግን የነበረችውንም ጥቂት መወደድ አጣ። እንግዲህ በምክትሉ አስተያየት የእኛ ቃለ ጉባኤ ያዥ የሚመደቡት ከሁለተኛው ጋር ነበር።

ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ታሪክም በከፊል ይደግፈዋል። «ኤሴይ» የሚባለውን የድርሰት ዓይነት ከነስሙ ያስጀመረው ፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሞንቴን እ.ኤ.አ. በ1580 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የማስታወስ ችሎታው ደካማ መሆኑን፣ ቁመቱም ከማጠሩ የተነሳ በገዛ ሎሌዎቹ መካከል ቆሞ ሳለ እንግዳ መጥቶ «ጌታው የት አሉ?» ብሎ ሲጠይቀው እንደሚናደድ ይተርካል። ይህን የሚለን ግን ባለርስት የሆነ፣ በቀጣዩ ዓመትም የቦርዶ ከተማ ከንቲባ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ጌታው እርሱ መሆኑን ስለምናውቅ ጌታ አለመምሰሉ ያስቃል እንጂ አያሳዝንም።

ሆኖም እኔ በስብሰባው ላይ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቻርልስ ላምብን ስም አነሳሁ። ላምብ ከ30 ዓመት በላይ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ውስጥ በጸሐፊነት የሠራ፣ ከሒሳብ መዝገብ ሥር ያልወጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1806 የጻፈው ተውኔት ለንደን ውስጥ መድረክ ላይ በወጣበት ምሽት ተመልካቹ በፉጨትና በጩኸት ሲያወግዘው፣ ደራሲው ራሱ ከታዳሚው ጋር አብሮ ተውኔቱን ሲያወግዝ እንደነበረ ይተረክለታል። ኋላ ላይ በብዕር ስም ባሳተማቸው ድርሰቶች የተወደደው ማዕረግ ኖሮት አይደለም። የጥናቱ ተማሪዎች የተፈታኙን ጉብዝና ያወቁት ከመልሶቹ ነው፤ የድርሰት አንባቢም የጸሐፊውን ጉብዝና የሚያውቀው ከዓረፍተ ነገሮቹ ነው። በተራ ቁጥር ስድስትና ሰባት መካከል ያለውን ነገር አይቶ እዚያው ላይ የሚያቆም፣ መስመሩን በሚያምር ጽሕፈት ከጻፈ በኋላ ማስመሩን ሳይረሳ የሚነግረን ሰው፣ የቱንም ያህል ስብሰባ ላይ ቢተኛ በጽሑፉ ውስጥ የነቃ ነው። ቡናውን የደፋው ልጅየው ሲሆን 92 በመቶውን የመለሰው አዛውንቱ ነው ብዬ አስረዳሁ። ምክትል አዘጋጁ ባያምኑበትም ክርክሩን ተዉት።

አዛውንቱም ቢሆኑ በሁሉም ነገር አልረቱም። የላኩት ጽሑፍ ሲጀምር «እኔ ከልጅነቴ አንስቶ ለምንም የማልረባ፣ እግዜር ለማስተማሪያ የፈጠረኝ ፍጡር ነኝ» የሚል ሙሉ አንቀጽ ነበረው። ባልደረባዬ ይህን ሳትነካው አልፋለች፤ ዋና አዘጋጁ ግን በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዙበት። ጸሐፊው ይህን ሲያዩ ቅር አላቸው፤ ትሕትናቸውን የገለጹበት ነበርና። የዋና አዘጋጁ መልስ አጭር ነበር፤ «ለምንም አልረባም ሲሉኝ ኧረ እንደዚያ አይበሉ ማለት አለብኝ፤ ተኛሁ ሲሉኝ ግን ከዚያስ ምን ሆነ እላለሁ።» ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አብዛኛው ወደ እኛ የሚመጣ ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ራስን በጅምላ መስደብ አንባቢን አጽናኝ እንዲሆን ያስገድደዋል፤ ምስጋና መለመኛ መሆኑንም አንባቢ ወዲያው ያውቅበታል። አንድ የተወሰነ ስሕተት፣ ከነቦታውና ከነሰዓቱ ሲነገር ግን ማንንም ምንም አይለምንም።

በራስ ላይ መቀለድ ሁሉን የሚያምርበት ነገር እንዳይመስል ደግሞ ሌላ የማልዘነጋው ወገን አለ። አውስትራሊያዊ ኮሜዲያን ሀና ጋድስቢ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ዙሪያ በታየ የመድረክ ሥራ ላይ፣ ቀድሞውኑ የተገፋ ሰው በራሱ ላይ ሲቀልድ ትሕትና ሳይሆን ውርደት ነው ሲሉ ራሳቸውን ማዋዛት እንደሚያቆሙ ተናግረዋል። ወደ እኛም አንዳንድ ጊዜ ቀልዱ ሲገለጥ ከሥሩ ገና ያልዳነ ቁስል የሚታይበት ጽሑፍ ይመጣል፤ አዋቂውና ልጁ ገና አልተለያዩም። እንዲህ ያለውን፣ ቢያስቅም እንኳ፣ አናትምም። የቃለ ጉባኤ ያዡ ታሪክ ግን ባለቤቱ ለልጆቻቸው ደጋግመው ሲያወሩት የኖሩት እንደሆነ ከአነጋገራቸው ያስታውቅ ነበር።

ጽሑፉ ያለ ምክንያት፣ ያለ ንስሐና ያለ እርግማን ወጣ። «እኔም በበኩሌ ደግፌው ነበር» ወደ ቦታው ተመለሰ፤ መጨረሻውም እርሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች ስለ ጸሐፊው ያነሱት ጥቂት ነው። አብዛኞቹ የጻፉት ስለ ራሳቸው ነበር፤ አንዷ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ተሳስታ ገብታ እስከ ማታ አብራ ስታለቅስ ስለ መዋሏ፣ አንዱ ደግሞ ስለ አለቃው የጻፈውን ሐሜት ለአለቃው ለራሱ ስለ መላኩ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በአንባቢ ዘንድ የሚሠራውን ሥራ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር አላየሁም፤ ማንም ሰው ደኅና መስሎ ለመታየት የሚያወጣውን ጉልበት ለአፍታ እንዲያሳርፍ ፈቃድ ይሰጠዋል።

ደብዳቤዎቹን የምትለየው ያችው ባልደረባዬ ናት። ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዋ አጠገብ ሳልፍ፣ በአንድ ገና ጀማሪ ጸሐፊ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ «ለምን እንዳመለጠዎት ይቅር፤ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ምን እያደረጉ እንደቆሙ ይጻፉልን» ብላ ስትጽፍ አየኋት።