ሕመምተኛዋ ብቻ የማታውቀው ሕመም

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሕክምና አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ በየትኛውም የቅጥር ውል ላይ ያልተጻፈ አንድ ልመና አለ። ልጆች እናታቸውን ወይም አባታቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ከመካከላቸው አንዱ ኮሪደር ላይ ነጠል አድርጎ ይወስደኝና «ወንድሜ፣ አደራህን፣ ካንሰር የሚባለውን ነገር እንዳታነሳባት፤ ከሰማች በሽታው ሳይሆን ድንጋጤው ነው የሚገድላት» ይለኛል። ይህን የሚለኝ ሰው ነርስ፣ መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ልመናውንም የሚያቀርበው እንደ ልዩ ውለታ ሳይሆን፣ የአገሩ ልጅ የሆነ ሰው ሳይነገረው ሊያውቀው እንደሚገባ የጨዋ ደንብ አድርጎ ነው።

መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። አስተርጓሚ ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማድረስ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአሜሪካ የጤና አስተርጓሚዎች የሥነ ምግባር ደንብ ያዛል፤ ስለዚህ ጥያቄያቸውን ለሐኪሙ እንደማደርስ፣ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር መወሰን ግን የእኔ ሥልጣን አለመሆኑን እገልጻለሁ። ተረድቶ የሚያመሰግነኝ አለ፤ «አንተም ፈረንጅ ሆንክ ማለት ነው» ብሎ ፊቱን የሚያዞርብኝም አለ። (የሰው ምሥጢር መጠበቅ ግዴታዬ ስለሆነ እዚህ የምጽፈው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሳይሆን በብዙ ቤት የተደጋገመ ነገር ነው።)

ልማዱን የሐበሻ ኋላ ቀርነት ብቻ አድርገው የሚያዩት ወጣቶቻችን ቢያውቁት የምወደው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመና በቺካጎ በተደረገ ጥናት፣ ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶ ያህሉ ካንሰር ለያዘው ሰው በሽታውን አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር፤ ተስፋውን ላለማሳጣት የሚለው ምክንያታቸውም ዛሬ ኮሪደር ላይ ከምሰማው ብዙም የራቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ለሌሎች የአሜሪካ ሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶው እንደሚናገሩ መለሱ። በእነዚህ ዓመታት መካከል ሕክምናው ተሻሽሏል፤ ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ በአካሉ ላይ ምንም እንዳይደረግ የሚጠይቅ አስተሳሰብም በፍርድ ቤቶችና በሆስፒታሎች ሥር ሰዷል። አሜሪካኖቹ ግልጽነትን ይዘውት አልተወለዱም፤ ተከራክረው የደረሱበት ነው። እኛ ግን ክርክሩን ገና አልጀመርነውም፤ ምክንያቱም ጉዳዩን ማንሳቱ ራሱ ሟርት ይባላል።

ዝምታው ቀድሞ ለማስጠበቅ ቀላል ነበር። ሐኪሙ ረዘም አድርጎ ያስረዳል፤ እንግሊዝኛ የሚችለው የዐሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጅ ደግሞ «ደህና ነሽ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ አለ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ከአጣዳፊ ሁኔታ በቀር ሆስፒታሎች በልጆች አስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ከኤፕሪል 2021 ወዲህ ደግሞ የምርመራ ውጤት ሳይዘገይ ለሕመምተኛው እንዲደርስ በሕግ ስለተደነገገ፣ ለምርመራ ከአካል የተወሰደው ናሙና ውጤት ሐኪሙ ሳይደውል ጭምር በስልክ መተግበሪያ ይመጣል። በእኛ ቤት ግን የእናትየው የይለፍ ቃል የሚገኘው በልጆቿ እጅ ነው። ልጅቱ ውጤቱን በምሳ ሰዓቷ መኪና ውስጥ ሆና ታነባለች፤ አልቅሳ ስታበቃ ፊቷን ታብሳ ሥራዋን ትጨርሳለች፤ ማታ ቤት ገብታ ለእናቷ ቡና እያፈላች ስለ ሌላ ሌላው ታወራለች።

ከዚያ በኋላ ሕክምናው ሌላ ስም ይወጣለታል። ኬሞቴራፒው «የደም ማነስ መድኃኒት»፣ ቀዶ ሕክምናው «ትንሽ እባጭ ማውጣት» ይባላል። ሕመምተኛዋ አእምሮዋ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የስምምነት ቅጹን የምትፈርመው ራሷ ስለሆነች፣ ልጆቹ ቅጹ ሲነበብ ወሬ ለማቋረጥ፣ ሐኪሙን በእንግሊዝኛ ለመያዝ፣ እኔንም በዓይን ለመገሠጽ ይሞክራሉ። እናትየው ግን ሞኝ አይደለችም። መድኃኒቱ በሚሰጥበት አዳራሽ ውስጥ ጠጉራቸው ባለቀ ሰዎች መካከል ለሰዓታት ትቀመጣለች፤ የራሷም ጠጉር ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፤ ከአገር ቤት ሲደወልላት የሁሉም ድምፅ ያለወትሮው ይለሰልሳል። ልጇ መኪናውን ሊያመጣ ሲወጣ ጠብቃ «ልጄ፣ አውቄዋለሁ እኮ፤ ብቻ ማወቄን እንዳያውቁ፣ ይደነግጡብኛል» የምትል እናት ብርቅ አይደለችም። በአንድ ቤት ውስጥ እናት ከልጆቿ፣ ልጆችም ከእናታቸው ያንኑ አንድ ነገር ይደብቃሉ፤ ሁሉም የሚያለቅሰው ለየብቻው ነው።

ስለዚህ «ለእሷ ብለን ነው» የሚለውን ምክንያት መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል። ልጆቹ እናታቸውን መውደዳቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ዝምታው ከምንም በላይ የሚያሳርፈው ተናጋሪ ሊሆን የነበረውን ሰው ነው፤ ክፉ ወሬ ያመጣ አፍ እንዳይባል፣ ስታለቅስ እንዳያይ፣ «ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ብላ ብትጠይቀው መልስ እንዳያጣ ያድነዋል። እውነቱ በተነገረበት ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ተገኝቻለሁ። ሰው ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፣ አንዳንዱም ለቀናት እህል አይቀምስም። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኞቹ ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራሉ፤ ጥያቄያቸውም በአብዛኛው ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ቤታቸው፣ ስለ ታናሹ ልጃቸው፣ አገር ቤት ስለቀረች እህታቸው ነው።

የዝምታው ጉዳት በስደት ይከፋል። ብዙ እናቶች አዲስ አበባ በስማቸው ቤት አላቸው፤ ቤቱን የሚያስተዳድረውም በኤምባሲ በኩል በተላከ ውክልና አንዱ ልጅ ነው። ውክልና በወካዩ ሞት እንደሚያበቃ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሕመሟን ያልተነገራት እናት ኑዛዜ የምትጽፍበት ምክንያት የላትም፤ ካረፈች በኋላ በአሜሪካና በአዲስ አበባ ያሉ ልጆቿ ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። «አገሬ ገብቼ ልሙት» ትል የነበረችውም፣ አውሮፕላን መሣፈር የምትችልባቸው ወራት «እስኪሻልሽ» እየተባለ ያልፉባትና በመጨረሻ በሣጥን ትሄዳለች። ለዚህኛው በደል ምንም ዓይነት ማስተባበያ አላገኘሁለትም።

የሚገርመኝ ይህ ዝምታ የጥንት ባህላችን ተደርጎ መቆጠሩ ነው። እኔ እንደማየው ባህላችን ሞትን አውቆ መሞትን የሚያከብር ነበር። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ሰው ከድንገተኛ ሞት እንዲሰወር ይጸልያል፤ ምክንያቱም ንስሐ አባቱን ጠርቶ፣ ተናዝዞ፣ ቆርቦ፣ የተቀየመውን ይቅር ብሎና ልጆቹን መርቆ መሄድ ይፈልጋል። በሙስሊሙም ዘንድ ዕዳን ከፍሎ፣ ወሲያ (ኑዛዜ) ትቶ፣ አውፍ (ይቅር) ተባብሎ መለየት ትልቅ ቦታ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሞቱ መቅረቡን የተረዳ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል ብቻ ሊናዘዝ እንደሚችል ደንግጓል። ድንጋጌው ሥራ ላይ የሚውለው ሟቹ መሞቱን ካወቀ ነው። ለእናታችን ቄስ ጠርተን፣ ቄሱ ለምን እንደመጡ ግን እንዳትጠረጥር «እንዲያው ሊጠይቁሽ ነው» የምንላት ከየት በተማርነው ሥርዓት ነው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ፣ በሽታውን ከባለቤቱ የሚደብቅበትን ልማድ ጨዋነት ብሎ ይጠራዋል።

ዝምታው ከአልጋው አጠገብ አያበቃም። እናቷ የሞተችባት የቤት ሠራተኛ ቤሩት ወይም ሪያድ ሆና ሳይነገራት፣ ውሏን ጨርሳ አገር ስትገባ እንድትሰማ የተደረገባቸው ታሪኮች በየሠፈሩ ይወራሉ። «ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ማን ያጽናናታል?» የሚለው ምክንያት ባዶ አይደለም፤ የአሠሪዋን ቤት በር ከፍታ የምታለቅስበት ሰው ላይኖራት ይችላል። ለእናቷ መድኃኒት ብላ የላከችው ገንዘብ ለተዝካር ሲውል ግን፣ አዘኔታው ከማታለል በምን እንደሚለይ ማስረዳት ይከብዳል።

ይህን ስል የአሜሪካንን አነጋገር እያወደስኩ አይደለም። ቆሞ፣ ኮምፒውተሩን እያየ፣ «ደረጃ አራት ነው» (ካንሰሩ በአካል ተሰራጭቷል ማለት ነው) ብሎ በአጭር ደቂቃ ወደ ሕክምና አማራጭ የሚያልፍ ሐኪም አይቻለሁ፤ ሥራዬ የእሱን ቃል በራሴ አፍ ለአንዲት አሮጊት መንገር በመሆኑ የዚያን ዓይነት ቀን ክብደት አውቀዋለሁ። ብቻውን ላለ ሰው ማታ በስልክ የሚደርስ ውጤትም ጭካኔ ነው። የመርዶ አነጋገራችን ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው፤ በማለዳ ይመጣል፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል፣ መናገር የሚችል ሽማግሌ ተመርጦ ይመጣል፣ ከተናገረም በኋላ ጥሎ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የወጣ ጽሑፍም ይህንኑ ለሐኪሞች ለማስረዳት ሞክሮ ነበር፦ ክፉ ዜና በቅድሚያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ይነገር፣ እነሱ ደግሞ በተገቢው ጊዜና ቦታ፣ በወጉ ለሕመምተኛው ያድርሱት የሚል ነው። ልጆቹ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ሁለተኛውን ጥለውታል። ዜናው እነሱ ዘንድ ይደርስና እዚያው ይቀራል።

መፍትሔው ከሚመስለው ይልቅ ቀላል ነው፤ ሕመምተኛዋን ቀድሞ መጠየቅ። አንዳንድ ሐኪሞች ናሙናው ከመወሰዱ በፊት «ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ እንንገር ወይስ እርስዎ ለሚመርጡት ሰው?» ብለው ይጠይቃሉ። «ለልጄ ንገሩት፤ እኔ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» የምትል አለች፤ ያ የራሷ ውሳኔ ነው፣ በፋይሏም ይመዘገባል፣ እኔም ያለ ሥጋት አስተረጉመዋለሁ። አለማወቅን መምረጥም መብት ነው። «ሰውነቱ የማን ሆነና!» ብላ የምትቆጣም አለች። ሁለቱንም መልክ በማየት መለየት አይቻልም፤ ልጆቻቸው ስለ እነሱ የሚገምቱትም ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው።

ይህንኑ ጥያቄ አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቼ በስልክ አቅርቤላቸዋለሁ። እናቴ «ለእኔ ንገሩኝ፤ አባትህ ግን ሆደ ባሻ ነው፣ ለእሱ እንዳትነግሩት» አለችኝ። አባቴ ሌላ ቀን ለብቻው ሲጠየቅ ስለ እሷ ተመሳሳይ ነገር ተናገረ። ለራሱ ማወቅ የሚፈልግ፣ ለሌላው ግን መደበቅ የሚገባው የሚመስለው ሰው በወላጆቼ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ከጠየቅኋቸው ጓደኞቼም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው።

በቅርቡ ጉዳዩን ወደ እድራችን ይዤው ሄድኩ። የስደት እድር የሚገርም ተቋም ነው፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ ለቀስተኛውን ማን እንደሚመግብ በየስብሰባው ያለ ኀፍረት ይነጋገራል። ስለዚህ አባላት የወራሽ ቅጽ ሲሞሉ፣ መናገር ቢያቅታቸው ስለ ሕክምናቸው የሚወስንላቸውን ሰው የሚሰይሙበት ቅጽም አብሮ እንዲሰጣቸው፣ ከሥሩም «ሕመሜ ለእኔ ይነገረኝ ወይም አይነገረኝ» የሚል መስመር እንዲጨመር ሐሳብ አቀረብኩ። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ሁለት ምስክሮች ከፈረሙበት ይበቃል፤ ጠበቃ አያስፈልግም። አንድ አዛውንት «በደህና ቀን ምን ያሟርትብናል?» ብለው ተቃወሙ፤ ሌሎችም አጉረመረሙ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፈው። ስንበተን አዛውንቱ ወደ እኔ መጥተው ቅጹ በአማርኛ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለባለቤታቸውም አንድ እንድጨምርላቸው፣ ነገር ግን ለማንም እንዳልናገር አሳሰቡኝ።